ዳኮታው በጄቱ ጥላ ሥር

በ1955 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሁለት ቦይንግ 720ቢ ጄቶች በኢትዮጵያ አየር መንገድ እጅ ሲገቡ ድርጅቱ ከተቋቋመ ገና 17 ዓመቱ ነበር። በጊዜው የነበሩ ሰዎች ያደነቁት ጄቶቹን ነው። ሊደነቁም ይገባቸው ነበር። ዛሬ ያን ዘመን መለስ ብሎ ለሚመረምር ግን ከጄቶቹ መምጣት ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉት ባለ ሁለት ሞተር ዳኮታዎች ጄት መጣ ተብሎ አለመጣላቸው ነው። ጄቱ ወደ ናይሮቢና ወደ አውሮፓ ሲከንፍ ዳኮታው ወደ ጅማ፣ ወደ ጎሬ፣ ወደ ላሊበላና ወደ አክሱም መመላለሱን ቀጠለ። ፍጥነታቸው ሦስት እጥፍ የሚበላለጥ፣ በሁለት የተለያዩ ዘመናት የተወለዱ መኪናዎች በአንድ ድርጅት ሥር፣ በአንድ የሒሳብ መዝገብ፣ በአንድ ወገን ሠራተኞች እጅ ለረጅም ዓመታት አብረው ኖሩ።

ማንኛውም የሥራ ድርጅት ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛው የዛሬውን ሥራ ሳያጓድል ማካሄድ ሲሆን ሁለተኛው ነገ ለሚመጣው ሥራ መሰናዳት ነው። ሁለቱ የሚሻሙት አንዱን ገንዘብ፣ አንዱን ባለሙያና አንዱን ጊዜ ነው። ይህን ነገር የኢትዮጵያ ገበሬ ከማንም በፊት ያውቀዋል። በሐምሌ ጎተራው ሲራቆት ዓይኑ ለዘር ወደ ለየው እህል ይሄዳል። ዘሩን የበላ በሚቀጥለው ዓመት ይራባል፤ ዘሩን አቅፎ የተራበም እርፍ የሚጨብጥበት ጉልበት ያጣል። የአየር መንገዱ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ድል ዝርዝር ነው፤ በዚህ ዓመት ይኸን ገዛ፣ በዚያ ዓመት እዚያ በረረ እየተባለ። በዝርዝሩ ውስጥ የተሰወረው ግን ይኸው የጎተራና የዘር ክርክር ነው።

አየር መንገዱ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. በ2.5 ሚሊዮን ብር ካፒታል በመንግሥት ባለቤትነት ሲቋቋም አገሪቱ ከፋሺስት ወረራ ነፃ ከወጣች ገና አምስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ከውጭው ዓለም የሚያገናኛት ዋና መሥመር ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ ሲሆን፣ በአካባቢው የእንግሊዝ ኃይልና ተጽእኖ ከፍተኛ ነበር። መንግሥት አስተዳደሩን እንዲይዝለት የተዋዋለው ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር መሆኑ ከዚህ ሁኔታ ጋር ሲታይ ትርጉም አለው። አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ የሒሳብ ሹሙም፣ ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ ነበር። የኢትዮጵያ የነበረው ገንዘቡ፣ ስሙና መሬቱ ነው። ይህ በአንድ በኩል ጥገኝነት ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ዕውቀት የሚገዛበት ዋጋ ነበር። ዋጋው የተከፈለበት ዕውቀት በእርግጥ ይገኝ እንደሆነ ግን ውሉ በተፈረመበት ቀን የሚታወቅ አልነበረም።

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ የገባው የመጀመሪያው መደበኛ በረራ የተካሄደው በሲ-47 ነው። ሲ-47 ማለት የዲሲ-3 ወታደራዊ መልክ ሲሆን፣ በብዙ አገር ዳኮታ በሚለው ስም ይታወቃል። ድርጅቱ ሥራውን የጀመረባቸው አምስቱ አውሮፕላኖች ለውትድርና የተሠሩ ነበሩ። ለመንገደኛ ምቾት የታሰበ ነገር አልነበራቸውም። መቀመጫቸው በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ የተደረደረ ታጣፊ አግዳሚ ሲሆን መንገደኞች ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ስፍራ የጭነት ነው። መንገደኛ ሲያንስ አግዳሚው ይታጠፍና ጭነቱ ይበዛል። እንዲህ ያለው አሠራር ለተመልካች ድህነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ገበያው ምን እንደሚሆን ገና ለማያውቅ ድርጅት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበረም።

ከካይሮው መሥመር ቀጥሎ ወደ ኤደን፣ ወደ ጅቡቲና በአገር ውስጥ ወደ ጅማ የሚደረጉ በረራዎች ተጀመሩ። የእነዚህ መሥመሮች ምርጫ ለአገሩ ኢኮኖሚ ባዕድ አልነበረም። ጅማ የቡና አገር ነው። ከሐረርጌ ደጋ የሚቆረጠው ጫት ደግሞ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ኤደን መድረስ ስላለበት ከአውሮፕላን የተሻለ አጋሰስ አልተገኘለትም። ከበቅሎ ጀርባ ወርዶ በቀጥታ አውሮፕላን ላይ የሚጫን ዕቃ ማየት በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። በመካከሉ መኪና የለም፤ የመኪና መንገድም የለም። የምዕራቡና የደቡቡ ልዩ ልዩ አውራጃዎች በክረምት ከዋና ከተማው የሚገናኙት በሣር ሜዳ ላይ በሚያርፈው ዳኮታ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳኮታው ከፍ ያለ አስፋልት አይጠይቅም፤ አጭር ሜዳ ይበቃዋል፤ ሲበላሽም በቀላል መሣሪያ ይጠገናል።

የድርጅቱ ልማድ ቀስ በቀስ መልክ የያዘው ከዚህ በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም. ገደማ ኮንቬር 240 የተባሉት አውሮፕላኖች መጥተው የውጭውን በረራ ያዙ። በ1950 ዓ.ም. ባለ አራት ሞተር ዲሲ-6ቢ መጥቶ በአቴና በኩል እስከ ፍራንክፈርት ዘለቀ። በ1953 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ወደ ሞንሮቪያ የሚሄደው መሥመር ተከፍቶ ምሥራቁንና ምዕራቡን አፍሪካ አገናኘ። በየጊዜው አዲሱ መኪና የሚገባው በረጅሙና በውጭው መሥመር ሲሆን ከዚያ የተፈናቀለው ወደ ቅርቡ ጉዞ ይወርዳል፤ ዳኮታው ግን ከሥር፣ ከመሠረቱ ላይ ሆኖ የአገር ውስጡን ሥራ እንደያዘ ይቆያል። ይህ ልማድ በአንድ ሊቅ ተነድፎ የጸደቀ ዕቅድ አይመስልም። ይበልጥ የሚመስለው ገንዘብ የቸገረው ቤት ልብስ የሚያዋርስበትን ዘዴ ነው፤ የታላቅየው ለታናሽየው እየተላለፈ አንድ ጋቢ ሦስት ትውልድ እንደሚያለብሰው።

ጄቱን መግዛት ከዚህ ሁሉ የተለየ ውሳኔ ነበር። ምክንያቱም ጄት አውሮፕላን ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ አየር ሲሳሳ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፍም የሚደገፍበት ያጣል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ ለጄት የሚበቃ ሜዳ በአዲስ አበባ አይበቃም። በልደታ የነበረው የአውሮፕላን ማረፊያም ለጄት የሚሆን አልነበረም። ጄት መግዛት ማለት እንግዲህ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ መሥራት፣ አዲስ የጥገና አዳራሽ ማቆም፣ አዲስ ዓይነት መካኒክና አዲስ ዓይነት አብራሪ ማውጣት ማለት ነበር። ቦሌ የተወለደው ከዚህ ስሌት ነው። 720ቢ የተመረጠውም የታወቀው የ707 አጠርና ቀለል ያለ ወንድም በመሆኑ ለከፍታው አገር የተሻለ ሆኖ በመገኘቱ ነበር።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ የዙፋኑ ክብር ድርሻ እንደነበረው መካድ አይቻልም። የአፍሪካ ነፃ አገሮች በየዓመቱ በሚበዙበት ጊዜ በጄት መብረር የመንግሥት ኩራት ነበር። ብዙው ሕዝብ በእግሩ በሚሄድበት አገር የጄት ግዥ ከፊውዳሉ ሥርዓት ጌጦች አንዱ ተደርጎ ቢነቀፍ ነቀፋው መሠረት የለሽ አይሆንም። ሆኖም ጄቶቹ ከመጡ ከአምስት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ፤ ከተማይቱም የአህጉሩ መናኸሪያ ሆነች። ለጌጥ የተገዛ ቢመስልም ጌጡ ሥራ አገኘ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጄቱ ሲመጣ የዳኮታው በጀት ታጥፎ አልተሰጠውም። ታጥፎ ቢሆን ኖሮ ጎሬና ደምቢዶሎ ከካርታው በወጡ ነበር።

ከአውሮፕላኖቹ ይልቅ ቀስ ብሎ ያደገው፣ ለዓይን የማይታየውም፣ የሰው ኃይሉ ነው። የውጭ ዜጎችን በኢትዮጵያውያን የመተካት ሥራ በ1940ዎቹ አጋማሽ ታስቦ በ1950ዎቹ ጎልቶ ወጣ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1949 ዓ.ም. ገደማ በዳኮታ በአለቃነት ሲበሩ ለኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኑ። እዚህ ላይ የአሮጌው መኪና ሌላ ውለታ ይታያል። አብራሪው የሚያድገው በዳኮታ ነበር፤ ተራራ ለተራራ፣ ደመና ለደመና፣ ያለ ዘመናዊ መሣሪያ ሜዳ ፈልጎ እያረፈ። ከዚያ ወደ ዲሲ-6ቢ፣ ከዚያም ወደ ጄት ይወጣል። መካኒኩም እንዲሁ። የዕለት እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ነው። በ1950ዎቹ የአብራሪዎችና የቴክኒሺያኖች ማሠልጠኛ በመደራጀቱ ይህ የልምምድ መንገድ ወግ ያዘ፤ ኋላም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ለማስተናገድ በቃ።

ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ በ1963 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከአሜሪካው ኩባንያ ጋር የነበረው ውል ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1967 ዓ.ም. ገደማ አበቃ። ባለቤቱ ቤቱን የተረከበው እንግዲህ አብዮቱ በፈነዳ ማግሥት ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ ሁለት ጊዜ አሻቀበ። በሰሜንና በምሥራቅ የተካሄደው ጦርነት የአገር ውስጡን በረራ አወከው። ባለ አራት ሞተሮቹ ጄቶች ነዳጅ የሚጠጡ፣ ድምፃቸውም በአውሮፓና በአሜሪካ እየተጠላ የሚሄድ ሆኑ። ዘር ይበላ ይሆን የሚለው ጥያቄ በእርግጥ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ድርጅቱ እንደ ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እየቀጠረ፣ ኪሣራውን ከግምጃ ቤት እየጠየቀ ሊኖር ይችል ነበር። በአፍሪካ ውስጥ ይህን መንገድ ይዘው የጠፉ አየር መንገዶች ጥቂት አይደሉም።

የተወሰደው መንገድ ሌላ ሆነ። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ካፒቴን መሐመድ አህመድ የሥራ አስኪያጅነቱን ኃላፊነት ሲረከቡ አየር መንገዱ በንግድ ሥርዓት ራሱን ችሎ እንዲተዳደር ተፈቀደለት። ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ትላልቅ ድርጅቶች ሁሉ የተወረሱበት፣ የዕቅድ ኢኮኖሚ የታወጀበት አገር አንዱን ድርጅቱን በገበያ ሕግ እንዲሄድ ለቀቀው፤ የጦር መሣሪያውን ከሶቪየት ኅብረት የሚገዛ መንግሥት የመንገደኛ አውሮፕላኑን ከሲያትል ገዛ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ርዕዮተ ዓለሙና የጥገና አዳራሹ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳ ሰው በኮሚቴው ውስጥ እንደነበረ ግልጽ ነው።

በመጀመሪያ ቦይንግ 727ዎች ገቡ። ከዚያ በአፍሪካ ማንም ገና ያላዘዘው ባለ ሁለት ሞተሩ ቦይንግ 767 ታዘዘ። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ያለማቋረጥ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ አዲስ አበባ ሲያርፍ ለባለ ሁለት ሞተር ጄት በዘመኑ ክብረ ወሰን ሆነ። ያ ዓመት ግን ክብረ ወሰን ብቻ የሚወሳበት ዓመት አይደለም። ድርቁ ወሎንና ትግራይን እያደረቀ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ዓለም የኮረምን ሕፃናት ምስል አየ። ሕዝብ በሚራብበት አገር እጅግ ውድ አውሮፕላን መግዛት ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ ዛሬም ሲነሣ ተገቢ ነው፤ በክብረ ወሰንም አይመለስም። ሊባል የሚቻለው ይህን ያህል ነው፤ አውሮፕላኑ ዕዳውን የሚከፍለው በውጭ ምንዛሪ በሚያስገባው መሥመር ላይ ሠርቶ ነው። አለመግዛቱ ለተራበው ሰው እህል አይሆነውም ነበር፤ መግዛቱም እህል አልሆነውም። ጎተራና ዘር የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ አጥሮ ይቀራል።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከ767 ሌላ፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ ሥራ ተሠራ። በቦሌ የጥገና አዳራሽ አግ-ካት የተባለው የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን እየተገጣጠመ ወጣ፤ ስሙም «እሸት» ተባለ። እሸት ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ ድርብ ክንፍ፣ አብራሪውን ብቻ የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ጥጥ ማሳ ላይ ዝቅ ብሎ የሚበር ይህ መኪና ከጄቱ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ድርጅት ሠራተኞች እጅ መሠራቱ አዲስ ነገር የግድ ትልቅ ወይም ፈጣን መሆን እንደሌለበት ያሳያል። ስሙን ያወጣው ማንም ይሁን ማን ገበሬ የሚያውቅ ሰው ነው። እሸት የዛሬም አይደለም፣ የነገም አይደለም፤ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው።

ዳኮታው ግን አሁንም አለ። ሥራ ከጀመረ አርባ ዓመት አልፎት ከ767 ጋር በአንድ ሰማይ ይበር ነበር። ትዊን ኦተር የተባሉት ትናንሽ አውሮፕላኖችና በ1981 ዓ.ም. ገደማ የመጡት ኤቲአር 42ዎች ሥራውን ቀስ በቀስ ከተረከቡት በኋላ ነው በጡረታ የወጣው። ተተኪው ሳይለምድ አዛውንቱ አልተሸኙም።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላም የድርጅቱ ልማድ በመሠረቱ አልተለወጠም። በ1997 ዓ.ም. ቦይንግ 787 ገና በወረቀት ላይ ሳለ አሥር አውሮፕላን ታዘዘ። ፋብሪካው በገባው ቃል ጊዜ አላደረሰም፤ አመታት ዘገየ። በእነዚያ ዓመታት መንገደኛውን ያመላለሱት የቆዩት 767ዎች ናቸው። አዲሱ እስኪመጣ አሮጌውን ቀድሞ ሸጦ ቢጠብቅ ኖሮ አየር መንገዱ ምን ይሆን እንደነበረ መገመት አያዳግትም። የመጀመሪያው 787 በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ሲገባ በአፍሪካ ቀዳሚ ነበር። በወራት ውስጥ ግን በባትሪው ችግር የተነሣ በዓለም ያሉት 787ዎች ሁሉ ከበረራ ታገዱ።

ቀዳሚ መሆን ዋጋ አለው። የዚህ ዋጋ እጅግ መራራው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ተከፈለ። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ ወዲያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከሠላሳ ከሚበልጡ አገሮች የመጡ ሰዎች ነበሩ። ምርመራው ያመለከተው አብራሪዎቹ በወጉ ያልተነገራቸው፣ በአንድ መለኪያ ስሕተት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚደፍቅ ሥርዓት መኖሩን ነው። አዲስነት ሁልጊዜ ብልጫ እንዳልሆነ፣ አምራቹም ለገበያ ሲሽቀዳደም የዛሬ ትርፉን ከነገ ደኅንነት ሊያስቀድም እንደሚችል የታወቀው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። ዳኮታውን ለአርባ ዓመት ያልጣሉ ሰዎች ልጆች ይህን ሐዘን በገዛ አፈራቸው ላይ ተቀበሉት።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ሰማይ ዘጋው። መንገደኛ ጠፋ። ብዙ አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን አቁመው የመንግሥታቸውን እጅ ሲጠብቁ፣ በቦሌ የጥገና ሠራተኞች ወደ 25 የሚጠጉ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን መቀመጫ እየፈቱ አወጡ። ጭምብልና መድኃኒት የሚጫንበት ባዶ ወለል ተዘረጋ። በ1938 ዓ.ም. በካይሮው መሥመር ላይ መንገደኛ ሲያንስ በግድግዳው ላይ ይታጠፍ የነበረውን የዳኮታ አግዳሚ ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል ያየው አንድም ሰው አይኖርም።